ዶሮዬ በጠና ታማለች፤ ላስታምማት ወይስ ላርዳት?

የሳቢያኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬ ነው፣ ከሳቢያን። ግቢዬ ውስጥ ጥቂት ሳሶዎች፣ የውጭ ዝርያዎቹን ማለቴ ነው፣ እና ሁለት የሀበሻ ዶሮዎች አሉኝ። ከሳሶዎቹ አንዷ በጠና ታማብኛለች። ልጆቼ ቀዮ ነው የሚሏት። ከሁሉም በላይ እንቁላል የምትጥለው እሷ ነበረች።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት በቆሎ ስበትን ሌሎቹ ተጋፍተው መጡ፤ እሷ ከማንጎው ሥር ንቅንቅ አላለችም። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ኩርምት ብላ ቆማለች። ትናንት ጭራሽ እህል አልቀመሰችም። ውሃ ሳቀርብላት ምንቃሯን ነከር አድርጋ ትተወዋለች። ኩሷ አረንጓዴ ውሃ ሆኗል። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ደግሞ ስነካት አለመሸሿ ነው። ልያዛት ስል ግቢውን ሙሉ የምታዞረኝ ዶሮ ነበረች።

ጎረቤቴ ለፋሲካ ከገበያ ካመጣቻቸው ዶሮዎች ሁለቱ ሳይታረዱ ሞተውባታል። በመካከላችን ያለው አጥር ዶሮ ያሾልካል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ «ፈንግል ነው፣ ሳትሞት እረጃት» ይለኛል። የባለቤቴም ሐሳብ እሱው ነው። አንድ ዘመዳችን የሰው ቴትራሳይክሊን ፈትተሽ በውሃ አጠጫት አለኝ። እናቴ በስልክ ፌጦና ሎሚ አለችኝ። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው፤ ግን የቱን እንደምይዝ ጨነቀኝ።

የምትድን ከሆነ ላስታምማት እፈልጋለሁ። የማትድን ከሆነም እንዳትሰቃይብኝ፣ ሌሎቹንም እንዳታስጨርስ። ግንቦት ነው፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። የት ላስቀምጣት? ምን ልስጣት? ተስፋ የሚቆረጠውስ መቼ ነው?

ባለ ባጃጁ፦

አቦ እህቴ፣ ባትለፊ ይሻላል። ዶሮ ከታመመ ታመመ ነው። እኛ ቤት አንዷ ትክዝ ካለች ቢላዋ ይሳላል። ዛሬ ነገ ስትይ ሥጋዋም ይቀራል፣ ሌሎቹም ይያዛሉ።

የገንደ ቆሬዋ፦

ልጄ፣ ቢላዋውን ለጊዜው አስቀምጪው። ከልጅነቴ ጀምሮ ግቢዬ ያለ ዶሮ ሆኖ አያውቅም። ፈንግል ሲገባም አይቻለሁ፤ የሰፈር ዶሮ በሙሉ በሳምንት ውስጥ ሲያልቅ። አንቺ የጻፍሽው ግን እስካሁን ፈንግል ነው አያስብለኝም።

አረንጓዴ ኩስ ያስደነግጣል። ነገር ግን በማንኛውም ምክንያት እህል ያቆመች ዶሮ ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል። ሆዷ ባዶ ሲሆን የሚወጣው ሐሞት ነው። በኩስ ቀለም ብቻ አይፈረድም። ፈንግል ደግሞ አንዷን ይዞ ሌሎቹን ዝም ብሎ አያልፍም። ካልተከተቡ በጥቂት ቀን ውስጥ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ ይከተላሉ። ትንፋሻቸው ያንኮራፋል፤ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፤ ክንፋቸው ይወድቃል፤ የቆዩት አንገታቸው ይጠማዘዛል። ይሄን ካየሽ ቶሎ ጻፊልን።

የባጃጁ ወንድማችን የተናገረው ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። እኔ የማልስማማው በዚህ ነው፦ ፈንግል ከሆነ ግቢ ውስጥ ማረድ በሽታውን መበተን ነው። ደሙ፣ ላባው፣ የሚጣለው ሆድ ዕቃ ሁሉ ይዞታል። ፈንግል ካልሆነ ደግሞ ልትድን የምትችል ዶሮ አረድሽ ማለት ነው።

ፈንግል ባይመስለኝም ዛሬውኑ ለይያት። ጠዋት መጀመሪያ ጤነኞቹን አብዪ፤ እሷን መጨረሻ ላይ። ወደ እሷ ስትገቢ ሌላ ጫማ አድርጊ፣ ስትወጪ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ዕቃዋ የብቻዋ ይሁን፤ ባጠብሽው ቁጥር በረኪና ጣል አድርጊበት። ለአንቺም ለልጆችሽም ነው። ፈንግል የሰው ዓይን ያቀላል፤ የዶሮ ኩስ ደግሞ የሰው ሆድ የሚያሳምም ተህዋስ ይኖረዋል።

የት ትቀመጥ ላልሽው፣ ቆርቆሮ ሥር ብቻ አይሁን። ጤነኛ ዶሮ እንኳ የሰውነቷ ሙቀት ወደ 41 ዲግሪ ነው። ላብ የላትም። የምትቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ ስታለከልክ ደግሞ ውሃዋ ያልቃል። አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ጤነኛዋም ትቸገራለች፣ እህል ያልቀመሰችው እንዴት ትችለዋለች? ቤት ውስጥ ሊሾ ያለው፣ ፀሐይ የማይመታው ጥግ ፈልጊ። ሰፊ ካርቶን ውሰጂ፣ ጎን ጎኑን ብዙ ቦታ ብሺው፣ ክዳኑን ክፍት ተዪው። ከሥሯ ንጹህ ጨርቅ አንጥፊ። ሊሾው ቀን ቀን እንዲቀዘቅዝ አካባቢውን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልሽ አቆይው፤ እሷን ግን አታርጥቢያት። ቬንትሌተር ካለሽ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙሪው።

ቀጥሎ ውሃ። ከመድኃኒትም ከምግብም በፊት ውሃ። እህል ሳትበላ የምትቆይበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ሙቀት ያለ ውሃ ግን አታድርም። አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ፤ ለልጅ ተቅማጥ ቤት ውስጥ የምናዘጋጀው ነው። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዢ። አፏን ከፍተሽ እንዳታንቆረቁሪባት። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ኋላ ክፍት ነው፤ የፈሰሰው ወደ ሳንባዋ ይገባና እዚያው ታፍናለች። ምንቃሯ ጎን ላይ አንድ ጠብታ አድርጊ፤ ራሷ ስባ ትውጠዋለች። ትዋጥ፣ ትረፍ፣ ሌላ ጠብታ። ቀኑን ሙሉ በግማሽ ሰዓት በግማሽ ሰዓት። አድካሚ ነው፤ ማስታመም ማለት ግን ይሄ ነው፣ ልጆችሽም ተራ ይግቡልሽ። ሐብሐብ ካገኘሽ ቀዩን ደቁሰሽ አቅርቢላት፤ ምግብ እምቢ ያለች ዶሮ ሐብሐብ ስትለቅም አይቻለሁ።

ቴትራሳይክሊኑን ተዪው። በሽታው ሳይታወቅ፣ ልኩ ሳይታወቅ፣ የሰው ኪኒን ለዶሮ አይሆንም። ፈንግልን እንደሆነ አይነካውም። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ላይ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀረው ካልሲየም ስለበዛበት ነው፤ ካልሲየሙ ያን መድኃኒት ይይዘዋል፣ ሆዷ ሳይቀበለው ያልፋል። እንቁላሉ ውስጥም ይገባል፣ ያን እንቁላል ልጆችሽ ይበላሉ። የእናትሽን ፌጦና ሎሚ አልንቅም፤ እናቴም ትሰጥ ነበር። አሁን ግን በባዶ ሆዷ የሚያቃጥል ነገር አትጨምሪባት።

አሁን የምፈልገው እጅሽን ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ምንም ሳትሰጫት፣ ታፋሽ ላይ አስቀምጪና ዳብሻት።

የደረት አጥንቷን ንኪ። ግራና ቀኙ ሥጋ ካለው ሕመሙ ድንገተኛ ነው። አጥንቱ ስል ሆኖ ከወጣ ቆይቶባታል ማለት ነው። ከአንገቷ ሥር፣ ከደረቷ በቀኝ በኩል፣ የበላችው መጀመሪያ የሚያርፍበት ከረጢት አለ። ሌሊቱን ባዶ ሆኖ ማደር አለበት። ባዶ ነው ወይስ ሙሉ? ሙሉ ከሆነ ለስላሳ ነው ወይስ ደረቅ? አፏስ ይሸታል? ቀጥሎ ከሆዷ በታች፣ በእግሮቿ መካከል። እንቁላል ተይዞባት እንደሆነ እዚያ ጠንካራ ነገር ይነካሻል፤ እንዲህ ከሆነች እያማጠች ጭራዋን ዝቅ ከፍ ታደርጋለች። ኩሷ ውስጥ ደም አለ? ደም ካለ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው የሚታሰበው፤ እሱ መድኃኒት አለው፣ አምፕሮሊየም ይባላል። በመጨረሻም ማታ በባትሪ ቆጡን እዪ። የዶሮ መዥገር ቀን እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል። እንደኛ ባለ ሞቃት አገር ዶሮ የሚያገረጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ያገኘሽውን ጻፊልኝ። እኔ በጠዋት ነው የምነሳው።

ከጀጎል፦

ከሐረር ነኝ። የገንደ ቆሬዋ እናታችን ስለ ፈንግል ያሉትን ልጨምርበት፤ እኔ ግቢ በትክክል ገብቶ ነበር። መጀመሪያ አንዷ ተኛች፣ በማግስቱ ሁለት ጨመሩ፣ ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ማታ ደህና ገብታ ጠዋት ቆጥ ሥር ወድቃ የተገኘች ነበረች። ሕክምና የለውም ብሎ ባለሙያው ቁርጡን ነገረኝ። ማድረግ የሚቻለው ውሃ መስጠትና ሌላ በሽታ እንዳይደረብባቸው ንጽሕና መጠበቅ ነው።

አንዲት የሀበሻ ዶሮ ተረፈችልኝ፣ አንገቷ ግን ተጠማዞ ቀረ። ወደ ጥሬው ስታነጣጥር ጎን ትወጋለች። ጠበብ ያለ ጥልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የራሰ መኖ ሞልቼ፣ አንገቷን በእጄ ደግፌ አበላኋት። እየዋለ እያደረ ራሷ መብላት ቻለች። ሰው «ምን ያደርግልሻል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ለመብላት እንዲያ የምትታገል ነፍስ ትቼ መሄድ አልቻልኩም። ድና እንኳ በሽታውን ለሳምንታት ልታስተላልፍ ስለምትችል አዲስ ዶሮ ግቢዬ አላስገባሁም።

ሐረር የሚኖር ካነበበው ደግሞ፣ የእኛ ጭንቀት ሌላ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ካርቶኑ አንድ ጥግ ላይ አድርጉላት። ስትፈልግ ትጠጋዋለች፣ ስትፈልግ ትርቃለች። የሞተች ዶሮ ስትቀብሩም በጥልቀት ይሁን። እኛ ጋ ላይ ላዩን የተቀበረ ነገር ጅብ አውጥቶ በየመንገዱ ይበትነዋል።

የሳቢያኗ፦

እትዬ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ሌሊት ሁለቴ እየተነሳሁ ውሃ ጠብ አድርጌላታለሁ። ልጄ ሐብሐቡን ደቆሰላት፣ ትንሽ ለቀመች።

ጎህ ሲቀድ ዳበስኳት። ደረቷ ሥጋ አለው። ሆዷ ሥር ምንም የለም። ኩሷ ውስጥ ደም አላየሁም። ቆጡ ላይም በባትሪ ብፈልግ መዥገር የለም። ከረጢቱ ግን ሙሉ ነው። ብርቱካን ያህላል፣ ደረቅ ነው፣ ስጫነው የጣቴ ምልክት ይቀራል። አፏ አይሸትም። ሌሎቹ ሁሉ ጥሬያቸውን በልተው ግቢውን እየጫሩ ነው።

ይሄን ለልጆቼ ስነግራቸው ትንሹ «እማዬ፣ እኮ ቀዮ የጆንያውን ክር ስትበላ ነበር» አለኝ። ለጥላ ብለን የወጠርነው የማዳበሪያ ጆንያ አለ፤ ፀሐይ በልቶት ጫፉ ተተልትሏል። ሄጄ ሳየው ከታች ያለው ክር ተመዞ አልቋል።

የገንደ ቆሬዋ፦

ጎሽ! ልጅሽን ሳሚልኝ፣ ሐኪሙ እሱ ነው። ከረጢቷ ነው የተዘጋው። ክሩ ተጠቅልሎ ኳስ ሠርቷል፣ በቆሎው ከላይ ተከምሮበታል፤ ስለዚህ የምትበላው ወደ ታች አይወርድም። የምትራበው ሞልታ ነው። ይሄ ወደ ሌሎቹ አይተላለፍም። ያም ሆኖ የጎረቤትሽ ነገር ስላለ ለብቻዋ ትቆይ።

ዛሬ ሙሉ ቀን ደረቅ ምግብ አትስጫት፤ ውሃ ብቻ። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል በጠብታ ምንቃሯ ላይ አድርጊላት። ዘይት ሳንባ ውስጥ ከገባ ከውሃ ይከፋል፣ እጅግ ቀስ በይ። ከዚያ ብብትሽ ሥር ያዣትና ከረጢቷን በመዳፍሽ እሺ። አታፍርጪው። ኳሱ እንዲላላና ውሃው መሐሉ እንዲገባ ነው። ጥቂት ደቂቃ አሽተሽ ልቀቂያት፣ ትረፍ። ይሄን በቀን አራት ጊዜ ያህል። ማሸት ያለብሽ ቆማ ወይም ተቀምጣ ነው።

አንድ ነገር አደራ። «ዘቅዝቀሽ አስተፊያት» የሚልሽ ይመጣል። እንዳትሰሚው። ከከረጢቱ የሚመለሰው ፈሳሽ ወደ መተንፈሻዋ ገብቶ ይገድላታል። ክር ከአፏ ሲወጣ ብታዪም አትጎትቺው፤ ሌላኛው ጫፉ ሆዷ ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ አንጀቷን ይቆርጠዋል። በመቀስ አጠር አድርገሽ ቁረጪና ተዪው። አፏ መኮምጠጥ ከጀመረ ደግሞ ስኳሩን አቁሚ፣ ንጹህ ውሃ ብቻ ስጫት። ኮምጣጣ ሽታ ከረጢቷ ውስጥ እንደ እርሾ ያለ ነገር ሲበቅል የሚመጣ ነው፤ ስኳር ያባብሰዋል።

ከረጢቷ እየቀነሰ ከሄደ በራሰ ነገር ጀምሪላት። የተቀቀለ አስኳል በውሃ የላላ፣ ቀጭን አጥሚት፣ ፓፓያ። ትንሽ ትንሹን። ድርቆሽ ለጊዜው አይሁን። በኋላ ስትበረታ ደቃቅ ጠጠር አቅርቢላት፣ ጨጓራዋ የሚፈጨው በእሱ ነው።

ሁለት ቀን አሽተሽ ምንም ካልቀነሰ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ከረጢቱን ከፍተው፣ ክሩን አውጥተው፣ ይሰፉታል። ቤት ውስጥ በምላጭ የሚሞክሩ አሉ፤ አንቺ አትሞክሪ፣ ማደንዘዣ የሌለው ቢላዋ ስቃይ ነው።

ተስፋ የሚቆረጠው መቼ ነው ብለሻል። ያቀረብሽላትን ጠብታ መዋጥ ስታቆም፣ ራሷን ቀና ማድረግ ሲያቅታት፣ አፏን ከፍታ በየትንፋሹ አንገቷን ስትዘረጋ፣ ያኔ ይበቃል። ማስታመሙ እሷን ማሰቃየት ይሆናል። እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ የለመደ ሰው ጥሪና በአንድ ጊዜ ያሳርፋት። ምን እንደያዛት ያልታወቀ፣ ወይም መድኃኒት የወሰደች ዶሮ አትበሉ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚጥሉ አሉ፤ ውሻ ሰፈር ለሰፈር ይጎትተዋል። ጉልበት ድረስ ቆፍረሽ፣ ኖራ ነስንሰሽ ቅበሪ። አሁን ግን እዚያ አልደረስንም። ሐብሐብ የለቀመች ዶሮ መኖር ትፈልጋለች።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦

ከሐረማያ ነው የምጽፈው። እናታችን ያሉት ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምር። የጎረቤትሽ ዶሮዎች ለምን እንደሞቱ ማወቅ ላንቺም ይጠቅምሻል። ከእንግዲህ የምትሞት ካለች አትጣሉት። በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ፣ በረዶ ያለበት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አምጡት። ድርቅ ብሎ በረዶ መሆን የለበትም፣ ከዚያ በኋላ ሥጋውን መመርመር ያስቸግራል።

ሁለተኛው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ሙቀት የሚችለው ዓይነት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቀዮ እስክትድን ትቆይ። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን ዓይነት ካገኛችሁ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድለዋል። በሊትር 2 ግራም ተኩል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት መጀመሪያ ይበጠበጥበታል።

የሳቢያኗ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልቀነሰም ነበር፣ ማታ አልቅሼ ነው የተኛሁት። በማግስቱ ከረጢቷ ላላ አለ። ዛሬ ጠዋት ስዳብሳት ትንሽ ጉብታ ብቻ ነው የቀረው። ኩሷ ውስጥ የተጠቀለለ ክር ወጣ፣ ለባለቤቴ አሳየሁት። አስኳሉን በላች። ዓይኗ ተከፍቷል፣ አናቷ መቅላት ጀምሯል። አሁን ካርቶኑን እየወጋች ልውጣ ትላለች። ሌሎቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ጆንያውንም አወረድነው፤ ባለቤቴ በሰሌን ተካው።

ክትባቱን ጠይቄ ነበር፣ ጠርሙሱ ለብዙ ዶሮ ነው የሚመጣው። ለእኔ ጥቂቶች ብቻ ከፍቼ ቀሪውን ልጣለው?

የገንደ ቆሬዋ፦

እሰይ! እሰይ ልጄ! ገና ነው ግን፣ ሁለት ሦስት ቀን በራሰ ምግብ አቆያት። ጠዋት ጠዋት ከረጢቷን መዳበስም አትተዪ፤ አንዴ የተወጠረ ከረጢት ቶሎ ይሞላል።

ክትባቱን ብቻሽን አትክፈቺ። ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ዶሮ ያላቸውን ጎረቤቶችሽን ሰብስቢ፣ ያቺንም ዶሮ የሞተባትን ጨምሪያት፣ ገንዘቡን ተካፈሉ። መጀመሪያ ግን ጎረቤትሽ ዘንድ የቀሩት ጤነኞች መሆናቸውን ባለሙያ ይይላችሁ። እኛ ሰፈር እንዲህ ነው የምናደርገው፤ አንዷ ትገዛለች፣ አንዷ ትይዛለች፣ የለመደችው ጠብታውን ታደርጋለች። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሩ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ዶሮዎቹም ከቆጥ ሳይወርዱ ለመያዝ ይቀላል። የበረዶ መያዣ ሳጥን ከሌላችሁ የእኔን ውሰጂ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ፣ ከገንደ ቆሬ በባጃጅ ይዤው እመጣለሁ።